ከአርችዌይ እስከ ላሊበላ፦ ስለ ተሳላሚ ጓዝና ማደሪያ የቀረበ ጥናት

በሰሜን ለንደን ከአርችዌይ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የሃይጌትን ዳገት የሚጀምር ሰው፣ በብረት አጥር የተከበበ አንድ ድንጋይ ያገኛል። ድንጋዩ የቆመው በ1821 ነው። በላዩ የተቀመጠችውና ወደ ኋላዋ ዞራ ከተማውን የምታየው ድመት የመጣችው ደግሞ በ1964 ነው። (በዚህ ጥናት ዓመታቱ የፈረንጅ፣ በዓላቱ የኛ ናቸው።) አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ዲክ ዊቲንግተን የተባለ ድኻ ልጅ ቋጠሮውን በዱላ አንጠልጥሎ ከለንደን ሲሸሽ እዚህ ላይ አረፍ አለ። ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው የተደወሉት የቦው ቤተ ክርስቲያን ደወሎች «ተመለስ፣ ከንቲባ ትሆናለህ» አሉት፤ ተመለሰ፣ ሆነም።

የታሪክ ሰዎች ነገሩን ያበላሹታል። በ1423 የሞተው እውነተኛው ዊቲንግተን የግሎስተርሺር ባላባት ልጅ እንጂ ድኻ አልነበረም። ድንጋዩ ሦስት ጊዜ ከንቲባ ሆነ ይላል፤ እነሱ አራት ይቆጥሩለታል። ይህ ጥናት በከንቲባነቱ ክርክር ውስጥ አይገባም። የሚመለከተው ቋጠሮውን ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ሁለት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ሌሊት የት ያድራል? ጓዙን ማን ይሸከምለታል? ዲክ ለአንዱም መልስ ሳይኖረው ነው የተነሣው፤ ለዚህም ይመስላል ዳገቱን እንኳ ሳይጨርስ የተመለሰው።

አርችዌይ ለጥናት የተመረጠው በዚህ ብቻ አይደለም። ከዳገቱ ባሻገር፣ በሃይጌት መካነ መቃብር፣ የራሱ ተሳላሚዎች ያሉት የካርል ማርክስ መቃብር አለ። ከተማሪዎች ንቅናቄ ትውልድ የሆኑ አንዳንድ ኢትዮጵያውያን ሳይቀሩ በስተርጅና ሊያዩት ይወጣሉ፤ የመግቢያ ዋጋ ከፍለው።

ወደ ማደሪያውና ወደ ጓዙ ስንመለስ፣ ፈረንጆች ሁለቱንም ጥያቄ በገንዘብ ፈትተዋቸዋል። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚሄድ ተሳላሚ፣ ጠዋት ቦርሳውን ካደረበት ቤት በር ላይ ትቶ፣ የሚቀጥለውን ማደሪያ ስም የያዘ ወረቀት አንጠልጥሎበት፣ እጁን እያወናጨፈ ይሄዳል። ቦርሳው በመኪና ይቀድመዋል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት አንዱ የአገሪቱ ፖስታ ቤት ነው። ፖስታ ቤቱ የሚያጓጉዘው ቦርሳውን ብቻ ነው፤ ኃጢአቱን ባለቤቱ ራሱ ይዞ ይሄዳል። ካቴድራሉ የምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢያንስ 100 ኪሎ ሜትር በእግሩ ለመጣ ስለሆነ፣ ተሳላሚው ባደረበት ሁሉ ማኅተም የሚያስመታበት ደብተር ይይዛል። ከመድረሻው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለችው የሳሪያ ከተማ በጀማሪ ተሳላሚዎች የምትጥለቀለቀው በዚህ ሒሳብ ምክንያት ሳይሆን እንደማይቀር ጥናቱ ይጠረጥራል።

የማደሪያውም ጣጣ አዲስ አይደለም። ስለዚሁ መንገድ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው ኮዴክስ ካሊክስቲኑስ፣ ተሳላሚን የሚያጭበረብሩ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችን አጥብቆ ይረግማል። በእንግሊዝ ዊንቸስተር ያለው የቅዱስ መስቀል መጠለያ ግን፣ በዚያው ክፍለ ዘመን ከተመሠረተ ጀምሮ የሚታወቅበትን ልማድ ይዞ፣ ዛሬም ለሚጠይቅ መንገደኛ ቁራሽ ዳቦና ጥቂት ቢራ ይሰጣል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ በዚህ ብዙም አይደነቅም፤ የጠበል ጠዲቅ ቅርንጫፍ ነው ብሎ ያልፈዋል።

የአገር ቤቱ ሥርዓት የተለየ ነው። ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግሩ ለሚነሣ ገበሬ፣ ማደሪያ የሚታሰበው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። አንድ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች! የመሸበት እንግዳ አሳድሩ!» ይላል። ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይሉታል። ቅድመ ክፍያ የለም፣ መታወቂያ አይጠየቅም፤ የመግቢያውን ቁጥጥር የሚያካሂደው ውሻው ነው። እግር ማጠቢያ ውኃ ይቀርባል። ለገና ላሊበላ የሚደርሱ ተሳላሚዎችን እግር ማጠብ እስካሁን የከተማው ልማድ ሲሆን፣ ይህን አገልግሎት ስንት ኮከብ እንደሚያሰጥ የሆቴል ደረጃ መዳቢዎች የተናገሩት ነገር የለም።

ጓዙም በጥበብ የተሠራ ነው። በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ በየቀኑ እየተበሉ ስለሚያልቁ፣ ሸክሙ ዳገቱ በከበደ ቁጥር ይቀላል። የስፔኑ ቦርሳ ይህ ጠባይ የለውም። ጋቢው ቀን ልብስ፣ ማታ አልጋ ነው። ከዚህ ሥርዓት የወጣ ጓዝ ምን እንደሚያስከትል ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሚገባ ጽፎታል። የንጉሥ እንግዳ ስለሆኑ ዕቃቸውን ከአገር አገር የሚያደርሰው ባላገሩ ነበር። ባላገሩ ደግሞ የራሱን ወሰን ሲጨርስ ያወርዳል፤ ቀጣዩ እስኪመጣ እንግዶቹ ከዕቃቸው ጋር ይጠብቃሉ። አልቫሬዝ ላሊበላን አይቶ ሲጽፍ፣ ከዚህ በላይ ብናገር የሚያምነኝ የለም ብሎ ሰግቷል። ስለ ጓዙ የጻፈውን ግን አየር ማረፊያ ቆሞ ሻንጣ የጠበቀ ሁሉ ያምነዋል።

ለማንኛውም ንድፈ ሐሳብ የሚያስቸግረው ቁልቢ ነው። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ገብርኤል ከሚወጡት ተሳላሚዎች መካከል ስለታቸውን ለማድረስ ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን የሚወጡ አሉ። ሸክም ለማቅለል የተቋቋመ ድርጅት ለእነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሸጥ ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ወደ አርችዌይ እንመለስ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ዓመት፣ እዚህ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ለገና ላሊበላ ልትሳለም ተነሣች እንበል። አየር መንገዱ ብዙውን ጊዜ 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ይፈቅድላታል። የእሷ ዕቃ፣ ነጠላዋን ጨምሮ፣ ከስድስት ኪሎ አይበልጥም። ቀሪው 40 ኪሎ ባዶ መሆኑን ለማንም አልተናገረችም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። ስልኩ ይጀምራል። «እታለም፣ ትንሽ ነገር ናት፤ ኪስሽ ውስጥ ትገባለች።» በመስክ ምልከታ መሠረት ኪስ ውስጥ ከሚገቡት ትንንሽ ነገሮች መካከል የደም ግፊት መለኪያ፣ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ስድስት ቆርቆሮ የሕፃን ወተትና ቁጥር 44 ጫማ ከነካርቶኑ ይገኙበታል። እንቢ ማለት አይቻልም፤ ባለፈው ዓመት የእሷ እናት መድኃኒት የደረሰው በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው።

ከዚህ የጥናቱ ዋና ግኝት ይወጣል፦ ተሳላሚ በእግሩ የሚሄደው መንገድ ባጠረ ቁጥር የሚሸከመው ጓዝ ይከብዳል። ገበሬው ቀናት ተጉዞ አንድ ቋጠሮ ይይዛል። የአርችዌይዋ ተሳላሚ 46 ኪሎ ይዛ፣ ከሂትሮው ቦሌ፣ ከቦሌ ላሊበላ ትበራለች፤ በእግሯ የምትሄደው ከማረፊያዋ እስከ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው። ጥናቱ ሙሉ በሙሉ በእግር ሲደረግ ያገኘው የአርችዌይና የላሊበላ ጉዞ አንድ ብቻ ነው፦ በጃንክሽን መንገድ ቁልቁል፣ ተፍኔል ፓርክን አልፎ፣ ለብዙ ዓመታት ፎርቴስ መንገድ ላይ ወደሚታወቀው ላሊበላ ምግብ ቤት። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

የማደሪያው ነገር ከጓዙ ይብሳል። አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ሌሊት ሆቴል መያዝ በዘመድ ዘንድ ጦርነት እንደማወጅ ነው። «እኛ ሞተናል እንዴ?» ይባላል። አክስት ቤት ካደረች አጎት ያኮርፋል፤ አጎት ቤት ከሄደች የክርስትና እናቷ ታለቅሳለች። የስፔኑ ተሳላሚ ማደሪያ እንዳያጣ ይጨነቃል፤ እሷ ስለበዛባት ትጨነቃለች። ባደረችበት ሁሉ ማኅተም ቢመታላት ደብተሩ ላሊበላ ሳትደርስ ያልቅ ነበር።

በመልሱ ጉዞ ሻንጣዎቹ በበርበሬ፣ በሽሮና በድርቆሽ ይሞላሉ። ቅቤና ቋንጣ እንግሊዝ ስለማያስገባ ከእናት ጋር ረጅም ክርክር አለ፤ እናት «ቅቤ ምን አደረጋቸው?» ብላ ትጠይቃለች፣ አጥጋቢ መልስም አታገኝም። ጠበሉ በእጅ ሻንጣ እንዳይሆን ደግሞ ከ2006 ወዲህ የመጣው የ100 ሚሊ ሊትር ገደብ ይከለክላል። ስለዚህ በፌስታል ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ በርበሬው መካከል ይቀበራል። ቦሌ ላይ ሚዛኑ 25 ሲያሳይ ሻንጣው ወለል ላይ ይከፈታል፤ የሚወጣው ሁልጊዜ የራሷ ልብስ ነው። ሁለት ጋቢ ደርባ አውሮፕላን ትገባለች።

ጥናቱ በዚህ አላበቃም። ለቀጣዩ ምዕራፍ የኅዳር ጽዮንን በዓል ለማክበር ወደ አክሱም የሚሄድና ሦስት ኪሎ ያህል ቦታ የሚተርፈው ሰው ይፈለጋል። ትንሽ ነገር ናት።