21 ቀን ያለ እንጀራ

ጣጣው የጀመረው በጫማ ክር ነው። አንድ ጠዋት ክሩን ላስር ጎንበስ ስል ትንፋሼ በሆዴና በጉልበቴ መሀል ተቀርቅሮ ቀረ። የ7 ዓመቱ ልጄ አይቶኝ ኖሮ፣ «አባዬ፣ እኔ ልሰርልህ?» አለኝ። አሰረልኝ። ያውም ድርብ አድርጎ።

የዚያኑ ቀን ታክሲ ተራው አጠገብ ሚዛን ዘርግቶ የሚቀመጠው ልጅ ዘንድ ቆምኩ። ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ወደ ታች ባይ የሚታየኝ ሆዴ ብቻ ሆነ። ቁጥሩን ያነበበልኝ ልጁ ነው፤ ያነበበው ደግሞ ለእኔ ብቻ አይደለም። «ዘጠና አራት ኪሎ ጋሼ!» ሲል ወረፋ የያዘው ሰው በሙሉ ዞረ። ጫማዬ ከባድ መሆኑን ላስረዳው ሞከርኩ። «ጫማዎ ስንት ኪሎ ነው?» አለኝ፣ ከልቡ ሊቀንስልኝ አስቦ።

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ስኳሬ ድንበሩን ሊሻገር አንድ እግሩን ማንሳቱን ከነገረኝ በኋላ፣ «እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ድንችና ስኳር ይቀንሱ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ አትክልት ይብሉ። ይንቀሳቀሱ» አለኝ። እንጀራ መቀነስ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ያሰበበት አልመሰለኝም። እኛ ሥራንም እንጀራ ነው የምንለው፤ ሰው ከሥራው ሲባረር «ከእንጀራው ተፈናቀለ» ብለን እናዝንለታለን። እኔ በገዛ ፈቃዴ፣ የካርድና የምርመራ ከፍዬ ተፈናቀልኩ።

እርግጥ ነው፣ ነገሩ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። ዊልያም ባንቲንግ የሚባል የለንደን ቀብር አስፈጻሚ ነበር፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1862 ከ91 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። እሱም እንደ እኔ የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አቅቶት ነበር፤ ደረጃ የሚወርደውም ወደ ኋላ እየተራመደ ነው። ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች ተወና በአንድ ዓመት ውስጥ 20 ኪሎ ያህል ቀንሶ ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ። ስዊድኖች ዛሬም አመጋገብ ቆጥቦ መክሳትን በእሱ ስም ነው የሚጠሩት። ግን ባንቲንግ እንጀራን አላወቃትም፤ እንጀራ ያላወቀ ሰው ደግሞ ምን ተወ ይባላል? በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አልነበረበትም።

ሰኞና ማክሰኞ በእንቁላልና በጥብስ እንደ ምንም አለፉ። ረቡዕ መጣ። ከሐኪሙ የተረፈውን ንስሐ አባቴ ከልክለውኛል፤ ሥጋ የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤና አይብ የለ። ጾም ላይ የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና ድንች ነው፤ እሱም በእንጀራ ሊበላ። ሁለቱም ሳይቆጡ የሚፈቅዱልኝን ብቆጥር ጎመን፣ ሰላጣና አቮካዶ ሆነ። ዓሣ እንዳልል፣ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም በሚለው ቤታችን ለሁለት ከተከፈለ ቆይቷል። ያን ቀን ሌሊት በሕልሜ አምባሻ አየሁ። ሙሉ አምባሻ፤ ጥቁር አዝሙዱ እየተቆጠረ።

የከበደኝ ግን ረሃቡ አይደለም። ባለቤቴ ለብቻዬ ሳሕንና ሹካ አቀረበችልኝ። ያለ እንጀራ የቀረበ ወጥ ሞግዚቱን ያጣ ሕፃን ነው፤ ሳሕኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል፣ የሚይዘው የለም። እነሱ ትሪውን ከበው እየተሻሙ ይስቃሉ፣ እኔ ጥግ ላይ ሒሳብ የሚጠብቅ የሆቴል እንግዳ መስያለሁ። በአምስተኛው ቀን ልጄ አዘነልኝና ወጥ የጠጣውን የመሀሉን እንጀራ ጠቅልሎ አጎረሰኝ። ጉርሻ እምቢ አይባልም። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባልም ሁለተኛ ጨመረልኝ።

ስፖርቱን መስቀል አደባባይ ጀመርኩ፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል። እርከኖቹን ከዳር እስከ ዳር እየሮጡ አንድ አንድ መውጣት ነው ደንቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መሆኗን ተማሪ ቤት ተነግሮኝ ነበር፤ ሳንባዬ የሰማው ግን ያን ቀን ነው። ሦስተኛው እርከን ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ በአጠገቤ እንደ ነፋስ አለፈች። ስድስተኛው ላይ ደግማ አለፈችኝ። «በርታ አባቴ!» አለችኝ። እስከዚያ ጠዋት ወንድሜ ነበር የሚሉኝ።

ያም ሆኖ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ። ደስታዬን ያበላሸው ሐኪሙ ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ የሚያጠራቅመው ስኳር በያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ እንጀራው ሲቀር መጀመሪያ የሚወጣው ያ ውሃ ነው አለኝ። ለካ እስካሁን ባልዲ ተሸክሜ ኖሯል የምዞረው።

በሦስተኛው ሳምንት 89 ገባሁ፤ ቀበቶዬም ሁለት ቀዳዳ አለፈ። ለእኛ ግን «ወፈርክ» ምርቃት ነው፣ «ከሳህ» ደግሞ ምርመራ። ቢሮ ውስጥ አንዱ «ቤት ሰላም ነው?» ይላል፣ ሌላው ብድር ፍለጋ የመጣሁ መስሎት መንገድ ይቀይራል። አንድ የድሮ ባልደረባዬ ጥግ ይዞኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዛሬ እኮ ለሁሉም መድኃኒት አለው» አለኝ።

እናቴ ዘንድ የሄድኩት በ20ኛው ቀን ነው። በሩ ላይ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች።

«ምን ነክቶህ ነው ልጄ?»

«ደህና ነኝ እማዬ፣ እየቀነስኩ ነው።»

«ምኑን ነው የምትቀንሰው? በማን ፈቃድ? ይሄ ሥጋ እኮ የኔ ነው። አጥሚት እየጋትኩ፣ ገንፎ እያጎረስኩ አንድ አንድ ግራም ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

ሐኪሙን ጠቀስኩላት። «ሐኪም አለ?» አለችና ዝም አለች። ዝምታዋ ነው የጎዳኝ፤ ለካ የሰማችው ሐኪም የሚለውን ብቻ ኖሯል።

በማግስቱ እሑድ ከሩጫ ተመልሼ ሶፋው ላይ ፎጣ ራሴ ላይ ጥዬ ተዘርሬያለሁ። በሩ ተንኳኳ። አክስቴ፣ ሁለት የእናቴ ጎረቤቶችና የዕድሯ ጸሐፊ ተከታትለው ገቡ። አንዷ ብርቱካን ይዛለች፣ አንዷ ሙዝ። ጸሐፊው ቆባቸውን አውልቀው ድምፃቸውን ሳያሰሙ ወንበር ያዙ። አክስቴ ፎጣውን ከግንባሬ ላይ አንሥታ በመዳፏ ትኩሳቴን ለካችና ከዘንቢሏ ፔርሙዝ አወጣች።

«እናትህ ናት የላከችልህ» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው እስኪጠጣ እንዳትነሺ ብላኛለች።»

ኩባያው ሲሞላ አሸተትኩት። የገብስ አጥሚት ነው። ማር አለበት።