ድርቅ ያልቀመሰችው ፕሬዚዳንት

የማንኪራ ዛፎችና አራዊት አንድ ቀን ተሰብስበው ፕሬዚዳንት ይኑረን አሉ። ቀረሮ እንዳይሆን በጣም ረጅም ነው፤ ከታች የሚባለው አይሰማውም። ነብር እንዳይሆን ድኩላ እሞታለሁ አለች። ጥቁር እንጨት ሲጠቆም ዋንዛ አኮረፈ፤ ዋንዛ ሲጠቆም ብርብራ ስብሰባ ረግጦ ለመውጣት ፈለገ፤ ሥሩ ባይዘው ይወጣ ነበር። በመጨረሻ እናት ቡናን መረጡ። አጭር ናት፣ ጥፍር የላትም። ንብ አበባዋን ትቀስማለች፣ ወፉና ጥርኙ ፍሬዋን ይለቅማሉ፣ ማንም አይፈራትም። ለትልቅ ወንበር ሰው ሲታጭ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ከሁሉ በላይ የተወደደው ሳይሆን ከሁሉ ያነሰ የሚፈራው ያልፋል።

ማንኪራ ደቻ ወረዳ ውስጥ ነው፤ ከቦንጋ ብዙ አይርቅም። የካፋ ሰዎች ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ነው ይላሉ። እዚያ ያለው ቡና ራሱን የዘራ የጫካ ቡና ነው፤ የሚኖረውም በትልልቅ ዛፎች ሥር ነው። ጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ስለዚህ በምርጫው ማግስት የጥላ ጽሕፈት ቤት ሲቋቋም የተቃወመ አልነበረም። ምን ብሎ ይቃወማል? ጥላው እውነትም ያስፈልጋታል።

ሰባት አማካሪዎች ተሾሙ። ቁጥሩ ከአገሩ ታሪክ የተወሰደ ነው፤ በጥንቱ የካፋ መንግሥት ንጉሡ ታቶ ይባል ነበር፣ በአጠገቡም ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት መማክርት ነበሩ። ጉሬዛ ነጭ ካባውን በጥቁሩ ላይ ደርቦ የእልፍኝ አስከልካይ ሆነ። ሐረግ ንግግር ጸሐፊ ሆነ፤ ራሱን ችሎ መቆም ስለማይችል ከማን ጋር መጠምጠም እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቃል። ጥርኝ ሌሊት ሌሊት ወሬ ይለቅማል፣ ጠዋት ግቢውን ዝባድ ይቀባል፤ ካፋ ዝባድ ለነጋዴ ትሸጥ የነበረች አገር ናትና ሽታ የመሸፈን ጥበብ በዘር የመጣ ነው። ጦጣ ገንዘብ ያዥ፣ ዝንጀሮ የውኃ ኃላፊ ሆኑ። የጥላው አለቃ ቀረሮ ነበር። ሰባተኛው የጥበቃ ሹም ነው፤ ከሾላ ወገን የሆነ፣ ዘሩ በወፍ ኩስ ከሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ወድቆ ሥሩን ወደ ታች የሚለቅ ዛፍ። «የጥላውን አለቃ አቅፌ እጠብቀዋለሁ» አለና ቀረሮውን አቀፈው።

በጋ ገባ። ታኅሣሥ ላይ እናት ቡና ቅጠሏ ለምለም ቢሆንም ጫፍ ጫፉ መጠውለግ ጀመረ። አማካሪዎቹ ደነገጡ። ፕሬዚዳንት ተጠማች ሲባል ማን ሊሰማ ነው? ዝንጀሮ ከምንጩ በቀርከሃ ቦይ ውኃ አስመጣ። ጧትና ማታ ሥሯን ያርሳሉ። «ውጭ እንዴት ነው?» ስትል «ካፊያ አለ፣ ክብርት ፕሬዚዳንት» ይሏታል። ሥሯም እርጥብ ነውና ታምናለች።

እዚህ ላይ ቡና የሚያውቅ ሰው ይስቃል። የቡና እምቡጥ ከታየ በኋላ ወዲያው አይፈነዳም፤ ተኝቶ ይቆያል። የሚቀሰቅሰው ጥም ነው። ደረቅ ጊዜ አልፎ የመጀመሪያው ዝናብ ሲመታው በሳምንት፣ በዐሥር ቀን ውስጥ ጫካው በአንድ ጊዜ ነጭ ይለብሳል። ሳይጠማ የከረመ ቡና ግን መቼ ማበብ እንዳለበት አያውቅም። እናት ቡናም በየካቲት አላበበችም። ማንም ክፉ አላሰበባትም፤ ይህ ነው የሚያስቸግረው። ዝንጀሮው የወርቅ ሜዳሊያ የሚገባው ትጉህ ሠራተኛ ነበር።

መጀመሪያ ያወቁት ንቦች ናቸው። አንዲት ንብ መጣች።

«ጌታው፣ ክብርትነታቸውን ማግኘት ፈልጌ ነበር» አለች ለጉሬዛ።

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«ከማን ጋር?»

«ከእኛ ጋር።»

«አበባ የለም፤ ቀፎው ባዶ ሆነ በሉልኝ።»

ጉሬዛ ጻፈ። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ጥርኝ «ቀፎው ባዶ ሆነ» የሚለውን «ቀፎው ቦታ አለው» አደረገው፤ ሐረግ ደግሞ «የማር ክምችት አቅማችን ሰፍቷል» ብሎ አሳመረው። ፕሬዚዳንቷ ደስ አላት። ንቦቹ ሳምንት ጠብቀው የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው ሄዱ።

በየዓመቱ መስከረም ሲያልቅ ፕሬዚዳንቷ ለደኑ ጉባኤ ንግግር ታነባለች። የሚጽፈው ሐረግ ነው፤ ሰባቱ ያርሙታል፤ እሷ ድምፅ ታዋጣለች። (ይህ ተረት ስለ ማንም አይደለም። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 ፕሬዚዳንቱ የሁለቱን ምክር ቤቶች የዓመቱን የጋራ ስብሰባ ይከፍታል፣ አምባሳደሮችን በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት ይሾማል፣ ይቅርታ ያደርጋል። ወንበሩ ሲፈጠርም እንዲህ ጠባብ ነበር፤ እናት ቡና ግን ሰፊ ሥልጣን ተሰጥቷት ነው በሌሎች እጅ ያደረው።) በዚያ ዓመት ንግግሩ ስለ ፍሬ ብዛት ስለነበር ፍሬ አስፈለገ። ጦጣ ጫካው ዳር ካሉት ደሀ ቡናዎች ቀይ ቀዩን ለቅሞ በሐረግ ክር በፕሬዚዳንቷ ቅርንጫፎች ላይ አሠረው። ተሰብሳቢው አጨበጨበ። ዳር ያሉት ቡናዎችም አጨበጨቡ፤ የገዛ ፍሬያቸው መሆኑን ያወቀ ከመካከላቸው ቢኖርም ያጨበጨበው እሱ ነው በይበልጥ።

አንዲት አሮጊት ድኩላ ግን ለጎረቤቷ አጉረመረመች። ሚክረቾ ብለን የሾምነው ሚክረቾ አይደለም አለች።

እውነቷን ነው፤ የአገሩ ታሪክ ሁለት ዓይነት ሰው ያሳየናል። ሚክረቾዎቹ ከየጎሣው የመጡ ነበሩ፤ ታቶ ትልቅ ጉዳይ ያለ እነሱ ምክር አይቆርጥም፤ ካልተስማሙ ይገቱታል። ሌላው ሹም ደግሞ አጉራሹ ነው። ታቶ በገዛ እጁ አይበላም ነበር ይላሉ ስለ ካፋ የጻፉ አውሮፓውያን፤ የሚያጎርሰው ሰው ነበረው፣ የዚያም ሰው ቀኝ እጅ ሌላ ነገር እንዳይነካ በጨርቅ ከረጢት ተሸፍኖ ይውል ነበር። እኔ ስለዚህ እጅ ብዙ አስቤያለሁ። ንጹሕ ነው፣ ታማኝ ነው፣ ታቶን ቀርቦ የሚነካ ነው፤ ግን ጉርሻው እንዳይገባ አይከለክልም፣ «ይብቃዎት» አይልም። ማንኪራ የሾመው ሰባት አጉራሽ ነበር፤ ስሙን ግን ሚክረቾ አለው። ሚክረቾም ቢሆን ሁሉን አያድንም፤ እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ገብቶ ታቶ ጋኪ ሸሮቾን በያዘው ጊዜ የመከሩትም ያጎረሱትም አላስጣሉትም። ቢያንስ ግን እንቢ የሚል ሰው በአጠገቡ ነበረ።

በቀጣዩ ታኅሣሥ፣ ነፋስ እንኳ በሌለበት ሌሊት፣ ቀረሮው ወደቀ። የጥበቃ ሹሙ ሲያቅፈው ሲያቅፈው ግንዱን አንቆ ጨርሶት ነበር። ሲወድቅ የቀርከሃውን ቦይ አደቀቀው፤ ከላይም ሰፊ ሰማይ ተከፈተ። ጠዋት እናት ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ ካፊያ አለመኖሩን አየች። ቅጠሏ ተቃጠለ፤ ጥር ሙሉ ተጠማች። ዝንጀሮ ቦዩን ለመጠገን በጀት ጠየቀ፤ ጦጣ በጀቱን አጣራለሁ እያለ አዘገየው። ጦጣ በሹመት ዘመኑ ለአገር የሠራው ደግ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ሳያስበው።

የካቲት ላይ ዘነበ። በስምንተኛው ቀን እናት ቡና አበበች። ንብ ግን የለም።

ሰባቱ፣ ማለት አሁን ስድስቱ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ሐረግ «በአመራሩ ብልህነት የተገኘ አበባ» የሚል መግለጫ አረቀቀ። ጥላውን በአስቸኳይ ለመመለስና ውኃውን እንደገና ለመዘርጋት ውሳኔ ተጽፎ ለፊርማ ቀረበ። እናት ቡና ወረቀቱን ራሷ አነበበችው።

«ዛፉ ይተከል፤ ጥላ ያስፈልገኛል» አለች። «ውኃው ይቅር። ንቦቹን ጎጀብ ማዶ ድረስ ሄዳችሁ አምጡልኝ፤ ሲመጡም ቀጠሮ አይጠየቁ።»

ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠረገ። «ክብርት ፕሬዚዳንት፣ ቀጠሮ ከቀረ የእኔ መደብ ምን ይሆናል?»

«አንተ ንቦቹን ትጠራለህ።»

ጉሬዛ ወጣ። ማታውን ከሐረግ ጋር ቁጭ ብለው፣ ወደ ጎጀብ ለሚደረገው ጉዞ የውሎ አበል መጠኑን የሚጠይቅ ደብዳቤ ሲያረቁ አመሹ፤ ደብዳቤው ለጦጣ ተመራ።