እንጀራ የሌለው ምጣድ

እትዬ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ መድኃኒታቸውን መርሳት ስላበዙ ለምርመራ ይዣቸው ወጣሁ። ዝናቡ አላባራ፣ ታክሲ የለ። ስንደርስ ተራችን አልፎ ኖሮ እንደገና ካርድ ክፍል ተሰለፍን። ብዙ ቆይቶ አንድ ወጣት መርማሪ አራት ሥዕሎች ዘረጋላቸው፤ ምጣድ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድና እንጀራ።

«እማማ፣ ከእነዚህ የማይገባው የቱ ነው?»

«ሁሉም ይገባል እንጂ፣ ልጄ።»

«አንዱን ማውጣት አለብዎት።»

«እንጀራውን ካወጣሁት ምጣዱ ለምን ይጣዳል?»

ወረቀቱ ላይ ኤክስ አደረገና ወደ ሌላ ሕንፃ ላከን። የምሳ ሰዓት ነውና በሩ ተዘግቷል። ሲከፈት ደግሞ ወረቀቱን ያነበበው ሐኪም እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው ሳለ ስለ እሳቸው የሚነግረው ለእኔ ሆነ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ያን ምሽት ትዝ ያለኝ ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አሌክሳንደር ሉሪያ ነው። በ1931 እና በ1932 እ.ኤ.አ. ኡዝቤኪስታን ወርዶ ለገበሬዎች የመዶሻ፣ የመጋዝ፣ የመጥረቢያና የግንድ ሥዕል እያሳየ ይህንኑ ጠይቋል። ፊደል ያልቆጠሩት አራቱም ያስፈልጋሉ አሉ፤ ግንድ ከሌለ መጋዙ ምን ይቆርጣል? ጥቂት የተማሩት ግን ሦስቱ መሣሪያ ናቸው ብለው ግንዱን አወጡ። ሉሪያ ልዩነቱን የታሪክ ደረጃ አድርጎ ቆጠረው፤ የፊተኛው ወደ ኋላ የቀረ፣ የኋለኛው የላቀ። እዚህ ላይ አልከተለውም። ዕቃን በዓይነቱ መመደብ ትምህርት ቤት የሚያስለምደን ልማድ ነው። ዕቃን ከሚውልበት ሥራ ሳይነጥሉ ማየትም ጓዳና እርሻ የሚያስተምሩት ሌላ ዕውቀት ነው።

ደግሞስ ነገሩ የመማር ያለመማር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ታኬሂኮ ማሱዳና ሪቻርድ ኒስቤት በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ምን ሊባል ነው? የኪዮቶና የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዓሣ የሚዋኝበትን ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይተው ያዩትን ተናገሩ። አሜሪካውያኑ ከትልቁ ዓሣ ጀመሩ። ጃፓናውያኑ ስለ ውሃው፣ ስለ ዕፅዋቱ፣ በጠቅላላው ስለ ዙሪያው ከአሜሪካውያኑ 60 በመቶ ገደማ አብልጠው አወሩ። ዓሣው የሚዋኝበት ሥፍራ ሲለወጥባቸውም ቀድመው ያዩትን ዓሣ መለየት ይበልጥ የከበዳቸው እነሱ ናቸው። ሁለቱም ወገን የተማረ ነው፤ ዓይናቸው ግን ያደገበትን ይዞ ይመለከታል።

እትዬ የመርሳት ሕመም ካለባቸው በጊዜ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ ምርመራውን አልጠላሁም። ሉሪያ ቢያንስ ገበሬዎቹ የሰጡትን ምክንያት በቃላቸው መዝግቦ አስቀርቶልናል፤ ዛሬ ልከራከረው የቻልኩትም በዚያ ነው። የእትዬ ወረቀት ላይ ለምክንያት የተተወ መስመር የለም።