የዕቃ ዕቃ አስተዳደር በደጀን

ዕቃ ዕቃ ሰባት ዓመት ባልሞላቸው ሰዎች የሚመራ፣ ራሱን የቻለ የቤት፣ የገበያና የትራንስፖርት ሥርዓት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀን መዋእለ ሕፃናት ግቢዎች፣ ሥራው ጠዋት ልጆቹ እንደገቡ ይጀመራል። አዋቂዎች «ጨዋታ» ይሉታል፤ ባለ ጉዳዮቹ ግን ሥራ ስለሚበዛባቸው ለማስተባበል ጊዜ አላገኙም።

ከፍተኛው ሥልጣን የእናት ነው። የሚያዘውም በምርጫ ሳይሆን «እናት እኔ ነኝ!» ብሎ ቀድሞ በመጮህ ነው። አባት ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ከአጥሩ ሥር ጥቂት ቆሞ ይመለስና «ምሳ ደረሰ?» ይላል። እዚያ ምን ሲሠራ እንደሚቆይ እስካሁን አልተጣራም። በዕድሜ ትንሿ ሕፃን ትሆናለች፤ ቦታ ያላገኘ ውሻ ይሆናል። ውሻው ቅሬታ የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው፤ በሰው ቋንቋ ካቀረበው ግን ተቀባይነት የለውም።

አገሩ የጤፍ አገር ነውና በምግብ ጥራት ላይ ድርድር የለም። ቀጥኖ የተጋገረ የጭቃ እንጀራ ይመለሳል። ምጣዱ የጣሳ ክዳን ነው፣ ሲኒው ቆርኪ። አቦል፣ ቶናና በረካ ባንድ ትንፋሽ ይጠጣሉ። መገበያያው የባሕር ዛፍ ቅጠል ሲሆን ዛፉ አጥሩ ላይ ስለቆመ ገንዘብ ያለ ገደብ ይታተማል። ሆኖም አንድ እንጀራ ትናንትም ዛሬም አንድ ቅጠል ነው። ከትልቁ ገበያ ለልምድ ልውውጥ የመጣ ቡድን የለም።

የትራንስፖርቱ ዘርፍ ከሁሉም የዳበረ ነው፤ ከተማዋ የተቀመጠችው ከዓባይ በረሃ አፋፍ፣ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነውና። ወንበሮች ይደረደራሉ፤ ረዳቱ «አዲስ፣ አዲስ!» ይላል። ቁልቁለቱ በፍሬን ድምፅ ይወረዳል፤ ድልድዩ ካለፈ በኋላ ያለው ዳገት በሹፌሩ ጉሮሮ ይወጣል። በየጠመዝማዛው ሁሉም እኩል ያዘነብላሉ። አንድ ተሳፋሪ ማስመለስ አለበት፤ ለዚህ የሥራ መደብ የሚያመለክተው ብዙ ነው።

የውጭ ሊቃውንትም ጉዳዩን አልናቁትም። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1896 የተወለዱት የሥነ ልቦና ሊቃውንት ፒያዤና ቪጎትስኪ ስለ ልጆች ጨዋታ ጽፈዋል። ለፒያዤ ቅጠሉ ብር የሚሆነው ሕፃኑ አንዱን ነገር በሌላ መወከል ስለቻለ ነው፤ ይህም በሁለት ዓመት ዕድሜ ገደማ ይጀምራል። ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ በጨዋታ ውስጥ ከዕድሜው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አስተምሯል፤ የያዘው ሚና ደንብ አለው፣ ደንቡም ስሜቱን ይገዛለታል። ማስረጃው እዚሁ ደጀን አለ፦ መምህርቷ «ተቀመጥ» ብትለው እምቢ የሚል ልጅ፣ ተሳፋሪ ከሆነ ከዓባይ ማዶ ጎሐ ጽዮን እስኪደርስ ንቅንቅ አይልም። እ.ኤ.አ. በ1932 ተመራማሪዋ ሚልድረድ ፓርተን ጎን ለጎን እየተጫወቱ የማይተባበሩትንና ቆመው ብቻ የሚያዩትን ልጆች በየፈርጃቸው መድባለች። እነዚህ ፈርጆች በአዋቂዎች ስብሰባ ላይም በደህና ሁኔታ ይገኛሉ።

ሥርዓቱን የሚያሰጋው ከውጭ ወላጅ ነው። «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ሲባል «ተጫወትን» የሚለው መልስ ለትምህርት ቤቱ አደገኛ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመዋእለ ሕፃናትን ዓላማ የልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ነው ብሎ ነበር፤ ከፋዩ ግን ሁለንተናውን በደብተር ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ መምህርቷ ከመሸኛ ሰዓት በፊት አንድ ገጽ «ሀ» ታስጽፋለች፤ ሰላምም ይሰፍናል። ቆጥሮ መሸጥ፣ ተራ መጠበቅ፣ ተከራክሮ መታረቅ ደብተር ላይ ስለማይወጡ አልተሠሩም።

ከውስጥ የሚያሰጋው ደግሞ «አልጫወትም» የሚለው አንቀጽ ነው። ማንኛውም አባል ሊጠቅሰው ይችላል፤ የጣሳው ባለቤት ከጠቀሰው ግን ምጣዱም አብሮ ስለሚሄድ መንግሥት ይወድቃል። ችግሩ የእናትነትን ሥልጣን ለባለ ጣሳዋ በማስረከብ ይፈታል።

የአገልግሎት ዘመን በሰባት ዓመት ያበቃል። አንደኛ ክፍል የገባች እናት ሥልጣኗን ለትናንትናዋ ሕፃን ታስተላልፋለች፣ ውሻውም ወደ አባትነት ያድጋል። ጡረታ አይከፈልም።