ዋና የማይችል ቤተዘመድ

«ልጆቹን ይዤ ጣና ላይ ልወጣ ነው» ያለ የጎንደር ሰው፣ «ሚስቴን ልፈታ ነው» ካለው እኩል ሽማግሌ ይላክበታል። የእኔዎቹ እሑድ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ፤ ስለ ዝናቡም ስለ ጤፍ ዋጋም ተወራ፤ ከዚያ ትልቁ ጋቢያቸውን አጣፍተው «ለመሆኑ ሕፃናቱ ምን አጠፉ?» አሉኝ።

አይፈረድባቸውም፤ ደገኞች ነን። እኛ ቤት ውሃ በተራ ይመጣል፣ በቢጫ ጀሪካን ይቀመጣል፣ በጣሳ ይቀዳል። ብዙ ውሃ አንድ ላይ ተኝቶ የምናየው ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ ሲሞላ ነው፤ እሱም ውስጥ ዘሎ የሚገባው ጎረምሳው ነው እንጂ ሌላው ዳር ቆሞ እስኪረጭ ይጠብቃል። ጣና ከእኛ ስድሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ቤተዘመዱ ግን ሐይቁን የሚያነሳው ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ሲነሳ ብቻ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ጣናነሽ ሁለት የምትባለው መርከብ ናት። በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስታ፣ ጎማው በማይቆጠር ተጎታች ላይ ተጭና፣ በየብስ ወደ ጣና ስትመጣ በስልኩ ያልተከታተላት ሰው ያለ አይመስለኝም። የምታልፍባቸው ከተሞች ሰው ወጥቶ በእልልታ ይቀበላት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት እስከ መቅደላ ያስጎተቱበት አገር ነውና፣ ከባድ ነገር ዳገት ሲወጣ ማየት ደስ ይለናል። ችግሩ፣ የሦስት ዓመቷ ሚጡ ቪዲዮውን ደጋግማ አይታ፣ መርከብ ማለት ትልቅ መኪና ናት ብላ ደመደመች። ታናሽዋ አቡሽም መርከብ ምን ትላለች ሲባል የሲኖትራክ ጥሩንባ ያሰማል። ጣና አጠገብ የተወለደ ልጅ መርከብን በአስፋልት ላይ ብቻ ሊያውቃት ነው ማለት ነው። ይህ አላስችል አለኝ።

የመጀመሪያው ዕቅዴ ታላቅ ነበር። አባቴ ይተርክ እንደነበረው፣ አሮጌዋ ጣናነሽ ሐሙስ ማለዳ ከጎርጎራ ትነሳለች፤ በየወደቡ ሰውና እህል እያወረደች እየጫነች ኮንዝላ ታድራለች፤ ዓርብ ባሕር ዳር ትገባለች። እኛም እንዲሁ ሁለት ቀን በውሃ ላይ እንሂድ አልኩ። ባለቤቴ ሳትቆጣ፣ በእርጋታ፣ «ከአቡሽ ጋር? ከፒያሳ አዘዞ በሚኒባስ ስንሄድ ያደረገንን ረስተኸው ነው?» አለችኝ። አልረሳሁትም፤ ሾፌሩም የረሳው አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ዕቅዱ በፈላ ውሃ እንደታጠበ ሹራብ በየቀኑ ያጥር ጀመር። ሁለቱ ቀን አንድ ቀን ሆነ፣ አንዱ ቀን ግማሽ፤ በመጨረሻ ከጎርጎራ ማንዳባ ደሴት ደርሶ መልስ ላይ ቆመ።

አሜሪካ ያለችው የባለቤቴ እህት ይህን አልሰማችም ነበር። እሷ ከፍሎሪዳ በሚነሳ የመዝናኛ መርከብ ልጅ ይዛ ስለሄደች ምክሯን በስልክ ታዘንብልናለች። ስድስት ወር ያልሞላውን ሕፃን ብዙዎቹ መርከቦች አይቀበሉም፤ ፓምፐርስ ያልተወ ልጅ የመርከቡ መዋኛ ውስጥ አይገባም፤ ክፍሉ ሲያዝ ከመሃል ይያዝ፣ መሃሉ ብዙ አይወዛወዝም። ቀጥላ «ክፍላችሁ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» ስትል ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። የእኛ ጀልባ ፎቅ የለውም። ሸራ አለው፤ እሱንም ባለጀልባው «ፀሐይ ከሆነ እንወጥረዋለን» ብሎኛል።

አሜሪካ ሩቅ ናት፤ ሻምበል ግን ጎረቤታችን ናቸው። በውትድርና ዘመናቸው ምጽዋን ስላዩ፣ በሰፈራችን ጨው ያለበት ውሃ የሚመለከት ጉዳይ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመራል። ጣና ጨው እንደሌለበት ባስረዳቸውም «ማዕበል ማዕበል ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም አማካሪ ቁም ነገር የተገኘው ከእሳቸው ነው። ሐይቁ ማለዳ ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታልና በጠዋት ወጥታችሁ ከቀትር በፊት ተመለሱ አሉ። ሆድ ሲገለባበጥ ዓይንን ሩቅ፣ የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ መትከል ነው አሉ። ደግሞም «ለአንድ ሕፃን አንድ ጠባቂ! ሁሉም የሚጠብቀው ልጅ ማንም የማይጠብቀው ልጅ ነው» ብለው ተረኛ የሚቀያየርበትን ሰዓት በደብተር ወረቀት ላይ አስመሩልኝ። ስለ አቡሽ ዓይን ስጠይቃቸው፣ የሁለት ዓመት ልጅ ዓይኑን ወዴት እንደሚተክል ማን ያዝዘዋል ስላቸው፣ ትንሽ አሰቡና «ብስኩቱን በዚያ በኩል ያዝለት» አሉኝ።

ሽማግሌዎቹ በበኩላቸው ሁለተኛ ጊዜ ተሰብስበው እርቅ አወረዱ። እኔም ልሄድ፣ እነሱም ቃላቸው ሊከበር፣ ጀልባው ግን ከዳር እንዳይርቅ፤ ልጆቹም ከፈለጉ ዳር ዳሩን እግራቸውን ይንከሩ። ሁላችንም ተሳሳምን። እርቁ ግን ከማምሻው ፈረሰ። ጎንደር በ1954 እ.ኤ.አ. የጤና ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ስለሆነች በየአጥሩ ጤና ባለሙያ አይጠፋም፤ የላይኛው ቤት ጤና መኮንን ወሬውን ሰምቶ መጣ። «ጥልቁን ተዉት፤ እኔ የምፈራው ዳሩን ነው» አለ። ቢልሃርዝያ የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትኖረው እዚያው ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ነው፤ ትሉ በቆዳ በኩል ስለሚገባ እግር መንከር ይበቃዋል። ደግሞ ደምቢያ ወባ አለ፤ ካደራችሁ አጎበር ያዙ። ሽማግሌዎቹ መሃሉን ከለከሉ፣ ሐኪሙ ዳሩን ከለከለ፤ ለእኔ የቀረኝ አየሩ ነበር።

አማቴን፣ ሁላችንም እምዬ የምንላቸውን፣ እስካሁን ያላነሳኋቸው ለብቻቸው ስለሚበቁ ነው። እምዬ የዳባት ሰው ናቸው። በሊማሊሞ ገደል አፋፍ ላይ በቅሎ ጋልበው ያደጉ፣ ከፍታ የሚባል ነገር የማይፈሩ ናቸው። ውሃ ግን አያምኑም። «ገደል እኮ ገደል መሆኑን ይነግርሃል። ውሃ ሜዳ መስሎ ነው የሚበላህ» ይላሉ። በቁጥር ላሳምናቸው ሞከርኩ። የጣና ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ያህል ነው፤ የፋሲል ግንብ ደግሞ 32 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ግንቡን እንዳለ ወስደን ሐይቁ ውስጥ ብናቆመው ከግማሽ በላዩ ከውሃ በላይ ይቀራል አልኳቸው።

«እኔ ግንብ ነኝ?» አሉ።

ቁጥሩ ሲከሽፍ ታሪክ አነሳሁ። «እምዬ፣ ጣና እኮ የነገሥታት መንገድ ነው። ሱስንዮስ ጎርጎራ ቤተ መንግሥት ሠርተው ኖረዋል። ይቺን ከተማ በ1636 እ.ኤ.አ. የቆረቆሩት አፄ ፋሲል ራሳቸው በጀልባ ተሻግረው ዳጋ እስጢፋኖስ ደሴት ሄደዋል። ዛሬም አፅማቸው እዚያው ነው።»

እምዬ እንዝርታቸውን አስቀመጡ። «ሄዱ አልክ?»

«ሄዱ።»

«መቼ ተመለሱ?»

ታሪክን ለታሪክ ተመራማሪዎች ትቼ ወደ ገበያ ወጣሁ። ባለጀልባው ላይፍ ጃኬት እንዳለው ነግሮኛል፤ የአዋቂ ብቻ ነው። የአዋቂ ላይፍ ጃኬት ለሕፃን አይሆንም፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ ተንሳፍፎ ልጁ በታች በኩል ሾልኮ ይቀራል። የሕፃኑ በእግሮቹ መሃል የሚያልፍ ማሰሪያ፣ ከማጅራቱ በኩልም ጭንቅላቱን ቀና የሚያደርግ ትራስ ሊኖረው ይገባል። ቅዳሜ ገበያ ገብቼ የልጅ ጃኬት እንደምፈልግ ስናገር ነጋዴው «ለብርድ ነው?» አለኝ። «ለውሃ» ስለው የዝናብ ልብስ አወጣ። «የሚያንሳፍፍ» ስለው ዝም ብሎ አየኝና፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። «ክዳኑ አያፈስም። ሁለት ከወሰድክ እቀንስልሃለሁ።» ያሾፈብኝ መስሎኝ ነበር፤ ሳስበው ግን በዚያ ቀን ካነጋገርኳቸው ሁሉ ነገሩን በትክክል የተረዳው እሱ ብቻ ነው። ጃኬቶቹ በመጨረሻ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጡ። አቡሽ የእሱን ከለበሰ በኋላ አላወልቅም ብሎ እራቱን በላይፍ ጃኬት በላ፤ በላይፍ ጃኬትም ተኛ።

ሻምበል ልምምድ ሳይደረግ ጉዞ የለም ስላሉ ሳሎናችን ወደብ ሆነ። ትልቁ ሳፋ መሃል ላይ ተቀመጠ፤ አቡሽ ውስጡ ገባ፤ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው «ተቀመጥ! ዳር አትያዝ! እጅ ወደ ውስጥ!» ይላሉ። አቡሽ በዕድሜው እንደዚያ የታዘዘበትን ቀን አላስታውስም። የተበላሸው ከሚጡ በኩል ነው። ጀልባ ያለ ውሃ አይሄድም ብላ፣ ማንም ሳያያት፣ ለሳምንቱ ያጠራቀምነውን ጀሪካን ጎትታ ሳሎኑ ላይ ደፋችው። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ወጥታ ቁርጭምጭሚቷ ድረስ የረጠበ ምንጣፍ ላይ ቆመች። «እንግዲህ ጎርጎራ መሄዱ ለምን ያስፈልጋል?» አለች።

ጓዙን ስንሸክፍ ደግሞ ሁለት መንግሥት ነበረን። በባለቤቴ በኩል ፓምፐርስ፣ ቅያሪ ልብስ፣ ሰፋፊ ኮፍያ፣ አጎበር፣ የሚጠጣ ውሃ፣ ከሁሉም በላይ ፖፖ ነበር። በዚህ ጉዞ ላይ ከሞተሩ ቀጥሎ ዋናው መሣሪያ ፖፖ እንደሆነ አሁን ለማንም እመሰክራለሁ፤ ትንሽ ጀልባ መጸዳጃ ቤት የለውም፣ የሦስት ዓመት ልጅ ደግሞ ደሴት እስኪደረስ አይጠብቅም። በእምዬ በኩል ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ምች ቢመታቸው ዳማከሴ፣ ሆዳቸው ቢታወክ ጤና አዳም፣ ለሚያቅለሸልሸው የሚሸተት ሎሚ፣ በሃይላንድ የተሞላ ጠበል፣ አንቀልባም ጭምር ተከመረ። አንቀልባው ላይ ተከራከርን። እሳቸው አቡሽን አዝለው በመቀነታቸው ከራሳቸው ጋር ሊያጣብቁት ነው። «እምዬ፣ እርስዎ ዋና አይችሉም፤ ቢወድቁ አብሮዎት ይሰምጣል» ብላቸው «ብቻውን ከሚሰምጥ አይሻልም?» አሉኝ። ላይፍ ጃኬትና አንቀልባ በአንድ ጀርባ ላይ አብረው እንደማይሄዱ ያወቅነው ያኔ ነው። አንቀልባው ቀረ፤ ሎሚው ግን እስከ ዛሬ የምመካበት መድኃኒት ነው።

እዚህ ላይ «እምዬ ደግሞ መቼ ነው ልሂድ ያሉት?» የሚል አይጠፋም። አላሉም። በዋዜማው ማታ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከጓዙ አናት ላይ አስቀመጡ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «እኔ ካልኖርኩ ማን አልቅሶ ሊያወጣቸው ነው?» አሉ።

በዚህ ዘመን መንገዱን ሳይጠይቅ የሚነሳ የለምና፣ ስልኩ ሲደወል ሲደወል፣ «ሰላም ነው፣ ኑ» የተባለበት ቀን ሲገኝ ገና ሳይነጋ ወጣን። አዘዞን አልፈን፣ ቆላድባን አልፈን፣ ጯሂት ስንደርስ ልጆቹ ሁለቱም እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ የሻምበል ተረኛ ጠባቂ ሦስት ሆኖ የተኙትን ይጠብቃል። ጎርጎራ ላይ ሚጡ ነቃች። ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው ወደብ በኩል ሐይቁ ወለል ብሎ ሲታይ፣ እኔ የምትለውን ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ። ጀልባዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ጎማዋን ማን ወሰደው?» አለች።

ቀጥላ ዳር ላይ ወዳለው ሐምራዊ አበባ ሮጠች፤ ጤና መኮንኑ በመንፈስ አብሮን ነበርና ከውሃው ጫፍ ላይ ለቅሜ አነሳኋት። እምቦጭ ነው። አበባው ያምራል፤ እሱን በእጁ ሲነቅል ክረምትና በጋ የከረመ የደምቢያ ገበሬ ፊት ግን ያምራል ማለት አይቻልም። ዞር ስል ባለቤቴ ከባለጀልባው ጋር ክርክር ይዛለች። የማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ሴት አያስገባም፤ ስለዚህ ደሴቱ ላይ የምንወርደው እኔና አቡሽ ብቻ ነን። «ፓምፐርሱን የሚቀይርለት ማነው?» ትላለች። ባለጀልባው መሬት መሬት ያያል። በስምምነት፣ ከመነሳታችን በፊት አቡሽ ተቀየረ፣ ሴቶቹም ስንመለስ ደብረ ሲና ማርያምን ሊሳለሙ ቃል ተገባላቸው።

ሁላችን ተሳፈርን፤ እምዬ ብቻ ድንጋዩ ላይ ቆመው ቀሩ። ባለጀልባውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት።

«ልጄ፣ ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም እማማ» አለ ወጣቱ፣ ገመዱን እየፈታ። «ዋና ብችልማ ጀልባ ምን ያደርግልኛል?»

ባለቤቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ሻምበል ያላስተማሩኝ ነገር ስለገጠመኝ ዝም አልኩ። እምዬ ግን ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን ዘረጉለትና ደግፏቸው ገቡ። ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ከእሱ ጎን ተቀመጡ።

«አሁን አመንኩህ» አሉት። «የሚችለውማ እኛን ጥሎ ይወጣ ነበር።»