«ፔዳ ካሜራ ምን ይሠራለታል?» ላላችሁ

እጩ መምህራን በቡድን ሆነው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ውስጥ ወይም ጣና ዳር ስልክ ደግነው የማስተማሪያ ቪዲዮ ሲቀርጹ ያየ ሁሉ አንድ ነገር ጣል አድርጎ ያልፋል። እኛም መልስ አናጣም።

«አስተማሪ ሊሆኑ ነው ወይስ ቲክቶከር?»

አስተማሪ! ልጅህ ቲክቶክ ላይ ሲያመሽ ያልተናገርክ ሰውዬ፣ ክፍልፋይን በሦስት ደቂቃ የሚያስረዳ ወጣት ስታይ ነው አፍ የወጣልህ?

«በእኛ ጊዜ ጠመኔና ሰሌዳ ነበር፤ ማን ሞተ?»

ማንም አልሞተም ጋሼ። ግን ሰልጣኝ ሲያስተምር ቀርጾ ራሱን እንዲያይ ማድረግ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ዘዴ ነው፤ ማይክሮ ቲቺንግ ይሉታል። ፔዳም የተወለደው እንዲህ ላለው ነገር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ከዩኔስኮና ከዩኤንዲፒ ጋር ተስማምቶ የፔዳጎጂ አካዳሚ ብሎ ሲያቋቁመው፣ ጠመኔ መያዝን ብቻ እንዲያስተምር አልነበረም።

«ፕላዝማስ ምን ፈየደ?»

ይህን የጠየቀ ይቀመጥ፣ ወንበር ስጡት፤ ጥያቄው ፍሬ አለው። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ቴሌቪዥን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይደርስ ነበር። ልጁ እጁን ቢያወጣ ስክሪኑ አይቆምለትም። ያልገባውን ነገር «አንዴ ይድገሙልኝ» የሚለው ሰው የለም። መብራት ሲጠፋ የዚያ ቀን ትምህርትም አብሮ ይጠፋል። መምህሩ በገዛ ክፍሉ ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ። ይህ ሁሉ ሲሆን የበደለው ቪዲዮ የሚባለው ነገር አይደለም፤ የቀረጸው ሰው ልጁን አያውቀውም፣ ልጁን የሚያውቀው መምህር ደግሞ ከቀረጻው ውጭ ነበር። የዛሬው እጩ መምህር ግን ራሱ ጽፎ፣ ራሱ ቀርጾ፣ ክፍል ውስጥ ራሱ ያቆመዋል። ልጆቹ በሚናገሩት አማርኛ ያስረዳል። ዓባይ ከጣና ሲወጣ የሚያሳየው ከድልድዩ አጠገብ ቆሞ ነው፤ ስለ እምቦጭ ሲያስተምር የደምቢያና የፎገራ ገበሬ የታገለውን አረም ከነሥሩ ይዞ ይቀርባል። ፕላዝማ ያሳዘነህ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን መደገፍ የሚገባህ አንተ ነህ።

«ስድስት ሰው ለአንድ ስልክ?»

ታንኳ ስንት ደንገል ይፈጃል?

«ተው እንጂ! የቡድን ሥራ ማለት አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ‹ስሜን ጻፉልኝ› ይላሉ።»

ይኼኛው አልዋሸም። አንድ ለአምስት ተብለን ስንደራጅ አንዲት ጎበዝ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ጽፋ፣ ጠዋት ሌሎቹ እኩል ማርክ ሲያገኙ ሁላችንም አይተናል። ግፍ ነው። መድኃኒቱ ግን ቡድን ማፍረስ አይደለም። ጽሑፉን፣ ቀረጻውን፣ ድምፁን፣ ኤዲቲንጉን፣ ፊት ቆሞ ማስተማሩን በየቪዲዮው አቀያይሩት፤ ባለፈው ካሜራ የያዘ ዛሬ ያስተምር። ደግሞ በቡድን መማር ከውጭ የመጣ ነገር አይምሰላችሁ፤ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ሲያስቀጽል ስንት ዘመኑ ነው!

«ካሜራችን ጥራት የለውም» የምትሉ ደግሞ እናንተው እጩ መምህራን ናችሁ።

ካሜራው ይበቃል፤ የሚገድላችሁ ድምፁ ነው። የሐይቁ ነፋስና የባጃጅ ጥሩምባ ባለበት ቆማችሁ «አልሰማ አለ» አትበሉ። በጠዋት ውጡ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ማይክ አንገታችሁ ሥር አስጠጉት፣ ቤት ውስጥ ከቀረጻችሁ ደግሞ መስኮቱን ከጀርባችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ አድርጉት።

«አርባ ደቂቃ እንሥራው?»

ማን ያየዋል? በ2014 እ.ኤ.አ. ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ትምህርት ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎች ተመርምረው፣ ተማሪ ልቡን የሚሰጠው ከ6 ደቂቃ ላጠረው ሆኖ ተገኘ። አዋቂው እንዲህ ከሆነ የሦስተኛ ክፍል ልጅማ!

«ኔት በሌለበት አገር ቪዲዮ?»

ለመቅረጽ ኔት አያስፈልግም። የተቀረጸው በሚሞሪ ካርድና በዜንደር ከስልክ ስልክ ይሄዳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ሳለ ሰው መዝሙሩንም ፊልሙንም ሲቀባበል የኖረው እንዲህ ነው፤ ትምህርቱን የሚከለክለው የለም። በክልላችን በተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆችም አሉን። አንድ ስልክ ያለበት ቤት ለእነሱ አንድ ትምህርት ሊደርስበት የሚችል ቤት ነው። ይህ እኔ ቀልድ የማልወድበት ጉዳይ ነው።

አሰልጣኞች ሆይ፣ ማርክ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉልን። ከቡድኑ ማንኛውንም ሰው ድንገት አስነሡና «ይህን ትዕይንት ለምን እዚህ አስገባችሁት?» በሉት፤ ካልመለሰ የሱ ማርክ ይነካ። ከዚያ ቪዲዮውን በቅርብ ላለ የመጀመሪያ ደረጃ ክፍል ውሰዱና ልጆቹ የገባቸውን ጠይቁ፤ ልጆቹ ካልገባቸው ቡድኑ እንደገና ይቅረጽ።