ፈረስ ከጨፌው ማኅበር ሲወጣ

ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን፣ ከጮቄ ተራራ ሥር አንድ ለምለም ጨፌ ነበር። በሬና ላም፣ አህያና በግ፣ ፍየልና ፈረስ ማኅበር ገብተው አብረው ይኖሩበት ነበር። ሕጋቸው ሦስት ነው፤ ጅብ ሲመጣ ሁሉም ይነሣል፤ በየወሩ ሁሉም አንድ ቁና እህል ያዋጣል፤ በአባላት መካከል ኬላ አይቆምም።

ሦስተኛው ሕግ ሲሰሙት ተራ ነገር ይመስላል። በዚያ ዘመን ግን ከባሶ ገበያ ቡና ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነጋዴ በየመንገዱ ኬላ ይጠብቀዋል፤ ጭነቱ ይራገፋል፣ ይቆጠራል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል፣ እንደገና ይጫናል። ነጋዴውን የሚያደክመው ቀረጡ ብቻ ሳይሆን ማራገፉና መጫኑ፣ ቆሞ መዋሉም ነው። በጨፌው ግን ፈረስ ከሸንተረሩ ድንች ቢያወርድ፣ ፍየል ከገደሉ ቅጠል ብታመጣ፣ "ምን ጫንህ? ከማን ገዛህ?" የሚል አልነበረም። የመጣው ይገባል፤ የገባው ይሸጣል።

ፈረስ ግን ሆዱ ሻከረ። አያቱ ደጃዝማች ጎሹን ተሸክሞ የዘመተ ነው፤ ይህን ሳያነሣ ከስብሰባ ተነሥቶ አያውቅም። "እኔ የምግጠውን ሣር በግ በድምፅ ብልጫ ትወስንልኛለች?" ይላል። "በየወሩ የማዋጣው ገብስ ቢጠራቀም የውርንጭሎቼን ጎተራ ይሞላ ነበር" ይላል። ነገሩ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በሬ አንዴ ማመንዠክ ከጀመረ ውሳኔ እስኪወጣ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ጨፌውም አዳዲስ አባላት እየገቡበት ከዓመት ዓመት ጠብቦ ነበር። ብቻ ፈረስ የሚያዋጣውን ሲቆጥር ከጨፌው የሚልሰውን የቦሌ አፈር አልቆጠረም፤ ሌሊት ለጅብ የሚነሡለትንም ቀንዶች አልቆጠረም።

ፈረሶች ተሰበሰቡ። ከመቶው 52ቱ "እንውጣ"፣ 48ቱ "እንቆይ" አሉ። ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹ መውጣትን፣ ከወጣቶቹ ብዙዎቹ መቆየትን መረጡ፤ ውሳኔውን ይዘው ረዥም ዘመን የሚኖሩት ደግሞ ወጣቶቹ ናቸው።

በቅኔው አገር ተረት የሚያወራ ሰው ወርቁን ራሱ ቢያወጣው ነውር ነው። እኔ ግን አወጣዋለሁ፤ ይህ ሰም ሁለት ወርቅ አለውና አንዱ ሌላውን እንዳይጋርደው ፈራሁ። 52 ለ48 የተባለው ብሪታንያ ውስጥ ነው፤ ሰኔ 16 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በተሰጠ ዕለት። ሁለተኛው ወርቅ ከደጃፋችን ነው። ሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን ከኢትዮጵያ ተለይተው ነጻ አገር ለመሆን ድምፅ ሲሰጡ 99.8 በመቶው "አዎ" አለ። እዚያ 48 የሚባል ወገን አልነበረም፤ 30 ዓመት የፈጀው ጦርነት ጥያቄውን ቀድሞ መልሶታል። አገር ነጻ መውጣትና ከማኅበር መውጣት አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ከወጡ በኋላ የሚመጣው የገበያና የደጃፍ ጣጣ ግን ይመሳሰላል። ስለዚህ ተረቱ እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

በአንደኛው ጨፌ በሬና ፈረስ እየተነጫነጩ ተለያዩ። ብራና ተፋቀ፣ ቀለም ተበጠበጠ፤ ዓመት መጥቶ ዓመት ሄደ። ፈረሶቹም እርስ በርሳቸው እየተናከሱ መሪ በመሪ ላይ ቀየሩ። ለንደን ላይ ዴቪድ ካሜሮን ለቀቁ፣ ቴሬዛ ሜይ ተተክተው እሳቸውም ለቀቁ፣ ቦሪስ ጆንሰን ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አገሪቱን ይዘው ወጡ። የንግዱ ስምምነት የተፈረመው ግን ከዚያ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013 ነው። ከ1,200 ገጽ ይበልጣል። በመካከላችን ቀረጥ የለም፣ ኮታም የለም ይላል። ፈረስ ይህን ሲሰማ ጋማውን ነሰነሰና እንደ ድሮው ድንቹን ጭኖ ወደ ጨፌው ወረደ።

በሩ ላይ አህያ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል።

"እንዴት አደሩ ጌታው?"

"እግዜር ይመስገን። በል መንገዱን ልቀቅ፣ ገበያው ረፈደብኝ።"

"ቀረጥ አልጠይቅዎትም። ወረቀት ብቻ ነው። ድንቹ ከየትኛው ማሳ እንደወጣ፣ በሽታ እንደሌለበት አዋቂ ያየው መሆኑን፣ ለማን እንደሚደርስ።"

"ይህን ድንች እኮ አምና አንተው ራስህ በልተኸዋል!"

"በልቻለሁ፤ ይጣፍጣል። አምና ግን እርስዎ አባል ነበሩ።"

"ደግሞ ለመብል አይደለም። ለዘር ነው ያመጣሁት።"

አህያ መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረገ። "የዘር ድንች ከሆነማ ጭራሹን አይገባም።"

ይህ የተረት ማጣፈጫ አይደለም። የስኮትላንድ የዘር ድንች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አውሮፓ ኅብረት ገበያ እንዳይገባ ተደርጓል። ማሳው ያው፣ ብርዱም ያው፤ የተለወጠው የገበሬው አባልነት ብቻ ነው። ከጮቄ ዳገት ላይ ያለ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባዋል፤ ጤነኛ የዘር ድንች ከብርድ አገር እንደሚገኝ ያውቃልና።

ፈረስ ተናደደ። "እኔም ኬላ እተክላለሁ!" ብሎ ዛተ። ገለባው ግን የሚመጣለት ከጨፌው ነው፤ አስቁሞ ቢፈትሽ የሚራበው ራሱ ነው፤ በር ጠባቂም አላዘጋጀም። ዛሬ ነገ እያለ ከረመ። ብሪታንያም ከአውሮፓ የሚገባውን ምግብ መፈተሹን ደጋግማ ስታራዝም ቆይታ በወጉ የጀመረችው በ2016 ዓ.ም. ነው።

ሁሉንም ያስቸገረችው ግን እመት በቅሎ ናት። እናቷ ፈረስ፣ አባቷ አህያ፤ ቤቷ ሸንተረሩና ጨፌው የሚገናኙበት ጉብታ ላይ። እዚያ ጉብታ ላይ ድሮ ብዙ ደም ስለፈሰሰ ሁለቱም ወገን አጥር ላያጥሩበት ምለዋል። ታዲያ ኬላው የት ይተከል? ብዙ ተጨቃጭቀው ከእናቷ ቤት ወደ እሷ በሚወስደው መንገድ ላይ ተከሉት። እናት ለልጇ ቋጥራ የላከችው ገብስ ሲፈተሽ አስቡት። ሸንተረሩ ተንጫጫ። በኋላ አንድ ብልሃት ተገኘ፤ እዚያው በቅሎ ቤት የሚቀረው ጭነት አረንጓዴ ቅጠል ታስሮበት ያልፋል፤ ወደ ጨፌው ሊሾልክ የሚችለው ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ይፈተሻል። ሰሜን አየርላንድ ዛሬ የምትተዳደረው በዚህ ነው። በየካቲት 2015 ዓ.ም. የተስማሙበትን የዊንድሰር ማዕቀፍ ይሉታል፤ መስመሮቹም ስማቸው ያው አረንጓዴና ቀይ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ "አባትሽ ማነው?" ስትባል "ፈረስ አጎቴ ነው" ስትል የኖረችው በቅሎ፣ አሁን ማንም ሳይጠይቃት "አባቴ አህያ ነው" ማለት ጀመረች። በኅብረቱ ውስጥ የቀረችውን የአየርላንድን ፓስፖርት ለማውጣት የአያታቸውን የልደት ወረቀት ሲያፈላልጉ የነበሩትን ብሪታንያውያን ያየ ሰው አይፈርድባትም።

በሁለተኛው ጨፌ ጭቅጭቅ አልነበረም። በሬና ፈረስ ተቃቅፈው፣ ተሳስመው ተለያዩ። የወዳጅነት ቃል ያለባቸው ወረቀቶች ተፈራረሙ፤ አስቸጋሪው ነገር ሁሉ ግን "በወንድማማች መካከል ምን አለ!" እየተባለ ታለፈ። ድንበሩ በየትኛው ድንጋይ እንደሚያልፍ መሬት ላይ አልተሰመረም። ማን የጨፌው፣ ማን የሸንተረሩ ሰው እንደሆነ በውል አልተለየም። ገበያም በዚያው በድሮው አሞሌ ቀጠለ።

ከዕለታት አንድ ቀን ፈረስ የራሱን አሞሌ ፈልጦ መጣ። "የራሴ ቤት አለኝ፤ የራሴ አሞሌ ያሻኛል" አለ። መብቱ ነው። "አንዱ ባንዱ ይመነዘራል፤ አይደል አያ በሬ?"

በሬ አመነዠከ፣ አመነዠከ። "አያ ፈረስ፣ ከእንግዲህ ንግዳችን በማርትሬዛ ብር ይሁን። ጎረቤት ከጎረቤት የሚለዋወጣት ጥቂት ቁና ብቻ እንደ ድሮው ትቀጥል።"

ማርትሬዛ ደግሞ በሁለቱም ቤት የለችም።

የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ የወጣው በ1990 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። አዲስ አበባ ንግዱ በዶላርና በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና) እንዲሆን ወሰነች፤ የተተወው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የጠረፍ ንግድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ባድመ ላይ ጦርነት ተከፈተ። ጦርነቱን ያመጣው የገንዘብ ጉዳይ ነው ብሎ መደምደም ነገሩን ማቅለል ነው፤ ሳይነጋገሩ ከታለፉት ነገሮች አንዱ ግን እሱ ነበር። ብሪታንያ በዚህ በኩል ተርፋለች፤ ማኅበሩ ውስጥ እያለችም ፓውንዷን አልለቀቀችም ነበር።

በዚህኛው ጨፌ ለበቅሎ አረንጓዴ ቅጠል ያሰረላት የለም። ጨፌው "እናትሽ ፈረስ ናት" ብሎ አባረራት፤ ሸንተረሩ "አባትሽ አህያ ነው" አላት። በእነዚያ ዓመታት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሁለቱም አገር ወደ ማዶ ተሸኝተዋል፤ ባል እዚህ ሚስት እዚያ የቀረበት ቤት ብዙ ነው። በሬም ወደ ትልቁ ገበያ ይወርድበት የነበረው የሸንተረሩ መንገድ ተዘጋበትና በገደሉ በኩል ዞሮ፣ ኪራይ እየከፈለ፣ ሌላ መንገድ ለመደ። የአሰብ ወደብ የኢትዮጵያን ጭነት ማስተናገድ አቆመ፤ ከገቢና ወጪ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላዩ ጅቡቲ ላይ ወደቀ።

ብራናው የተፈለገው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. አልጀርስ ላይ ተፈራረሙ፤ በሚያዝያ 1994 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔውን ሰጠ፤ ውሳኔው መሬት ሳይነካ ዓመታት ነጎዱ። ከዚያ አንድ የዕንቁጣጣሽ ጠዋት፣ መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በሩ ድንገት ተከፈተ፤ በዛላምበሳና በቡሬ በኩል። (ቡሬ ያልሁት የኛውን የጎጃሙን አይደለም፤ ወደ አሰብ መውረጃ ያለውን ነው።) ዘመድ ከዘመድ ተላቀሰ። ጤፍና ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ ሰሜን ጎረፈ። በዚያ መተቃቀፍ አልቀልድም፤ በቴሌቪዥን አይተን እንባችን የመጣ ብዙ ነን። በሬና ፈረስ ግን እንደገና ተሳሳሙ እንጂ እንደገና ብራና አላወጡም። ቀረጡ ስንት ነው? ምንዛሪው በምን ሒሳብ ነው? ማን ያለ ቪዛ ያልፋል? ጠያቂም መላሽም አልነበረም። በወራት ውስጥ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ለምን እንደተዘጉም በግልጽ ቀርቦ የተናገረ የለም።

የሁለቱ ጨፌዎች አህዮች አንድ ቀን ባሶ ገበያ ላይ ተገናኙ። ጭነታቸውን አራግፈው ጥላ ሥር ቆሙ።

"እናንተስ እንዴት ናችሁ?" አለ ሁለተኛው። "ከአያ ፈረስ ጋር ታረቃችሁ?"

"ኧረ ገና አልጨረስንም! በቀደም ተመልሶ መጥቶ ነበር። 'አባል አልሆንም፤ ድንቼ ግን ሳይፈተሽ ይግባልኝ' አለ። አያ በሬ 'የጨፌውን የጤና ሕግ እንዳለ ተቀበልና ይግባልህ፤ ሕጉ ሲወጣ ግን ጉባኤው ላይ አትቀመጥም' አለው።"

"እና ተቀበለ?"

"ተስማማ። ዝርዝሩ ይቀራል። እኛም ከሸንተረሩ ምንጭ ገና 12 ዓመት እንድንጠጣ ፈቀደ።" (ይህ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ለንደን ላይ የሆነው ነው፤ ምንጩን የብሪታንያ ባሕር፣ ውኃውን ዓሣ አድርጋችሁ ስሙት።)

ሁለተኛው አህያ አናፋ። "በግ እንዳትወስንብኝ ብሎ ወጥቶ፣ አሁን በግ የወሰነችውን ያለ ድምፅ ሊቀበል ነው?"

"ዝም በል፣ እሱ ፊት እንዳትለው! ደግሞ ነገ የውርንጭሎቹ ጉዳይ አለብን። ጨፌ ወርደው ይማሩ ተብሏል፤ ስንት ይውረዱ፣ ስንት ጊዜ ይቆዩ እያልን ስንጨቃጨቅ ልንውል ነው።"

ሁለተኛው አህያ ዝቅ ብሎ የጓደኛውን ጭነት አየ። ብራናው ከድንቹ ከረጢት ጎን ታስሯል።

"እሱን ታውሰኛለህ? ስንት ገጽ ነው?"

"ከ1,200 ይበልጣል።"

"አያድርስ! ስለ ወንድማማችነት የሚለው የቱ ጋ ነው?"

"ስለሱ ብዙም የለበትም። ስለ ድንች አለበት፤ ስለ ምንጩ፤ ተጣልተን እንደሆነ ማን እንደሚዳኘን፤ እመት በቅሎ የት እንደምታድር።"

"እንግዲያው" አለ ሁለተኛው፣ "የመጨረሻውን መጀመሪያ አንብብልኝ።"